ዋልካ፣ ጭድና የሚንሳፈፍ ጡብ

በግንቦት ወር ከውርጌሳ ወደ መርሳ፣ ከመርሳም ወደ ወልድያ የሚጓዝ ሰው በሀብሩ ዝቅተኛ ማሳዎች ላይ ምድሪቱ ተሰነጣጥቃ ያያል። ስንጥቁ የፍየል እግር ይውጣል። በሐምሌ ግን ያው መሬት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ስንጥቁም ይገጥማል፤ ሰው ጫማውን፣ በሬም ጉልበቱን ይተውለታል። ገበሬው ይህን ጥቁር አፈር ዋልካ ይለዋል፤ ጠባዩንም ጠንቅቆ ያውቃል። እኛ ሳይንስ እንማራለን የምንለው ግን በአውቶቡስ መስኮት እያየነው እናልፋለን እንጂ፣ ይህ አፈር ስለ ምን ያብጣል፣ ስለ ምንስ ይሰነጠቃል ብለን አንጠይቅም።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣን አንድ ክርክር ነው። በመኝታ ቤት ውስጥ አንድ ጓደኛችን፣ «ናኖ የሚሉት ነገር የሀብታም አገር ጨዋታ ነው፤ እኛ ውሃና መብራት ሳይሟላልን ምን አገባን?» ብሎ ተነሣ። ግማሾቻችን ደገፍነው። ነገሩን ስንመረምረው ግን ጓደኛችን በግማሹ እውነት፣ በግማሹ ደግሞ ስሕተት መናገሩን አየን። መሣሪያው የሀብታም መሆኑ እውነት ነው። ቁሱ ግን ጓደኛችን ከእርሻ መልስ ከጫማው ሥር በእንጨት ሲፍቀው የነበረው ጭቃ ነው።

እንግዲህ ከቁሱ አፈጣጠር እንጀምር። በመሶብ ውስጥ ተነባብሮ ያለውን እንጀራ አንባቢያችን በሐሳቡ ይያዝልን። እያንዳንዱ እንጀራ ስስና ሰፊ ነው፤ አንዱ በሌላው ላይ ተኝቷል፤ በመካከላቸውም ወበቅ አለ። የዋልካ አፈር ዋና ማዕድን የሆነው ስሜክታይት እንደዚሁ ነው። ከሲሊኮን፣ ከአሉሚኒየምና ከኦክስጅን የተሠሩ ስስ ንጣፎች አንዱ በአንዱ ላይ ተደርድረዋል። የአንዱ ንጣፍ ውፍረት 1 ናኖሜትር ያህል ነው፤ ይኸውም የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት 80,000 ናኖሜትር ያህል ስለሆነ፣ አንዲት ፀጉር ለመሙላት ሰማንያ ሺህ ንጣፍ መደርደር ያስፈልጋል ማለት ነው። ከዚህ ማዕድን ዓይነቶች አንዱ ሞንትሞሪሎናይት ሲባል፣ አንድ ግራሙ ሁለቱም ገጾቹ ሲቆጠሩ 750 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት አለው። ስለዚህ 20 ግራም፣ ማለት ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል፣ እያንዳንዱ ንጣፍ ከጓደኛው ተላቆ ጎን ለጎን ቢነጠፍ የወልድያን ስታዲየም የእግር ኳስ ሜዳ ሙሉ ለሙሉ ይሸፍናል።

እያንዳንዱ ንጣፍ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል አለው። ሁለት አሉታዊዎች ሊገፋፉ ሲገባ አንድ ላይ የሚይዛቸው በመካከላቸው የሚገቡት አዎንታዊ አዮኖች፣ ማለት ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ሶዲየም ናቸው። ውሃ ሲመጣ እነዚህን አዮኖች ከብቦ በንጣፎቹ መካከል እንደ እንግዳ ይገባል፤ ንጣፎቹም ቦታ እየለቀቁለት ይራራቃሉ። የሐምሌው እብጠት ይህ ነው። በበጋ እንግዳው ሲወጣ ንጣፎቹ ተመልሰው ይጠጋጋሉ፤ አፈሩም ይሰነጠቃል። ካልሲየም ንጣፎቹን አጥብቆ ስለሚይዝ እብጠቱ ልክ አለው፤ ሶዲየም ግን ልቅ ነው፤ ንጣፎቹ ጨርሰው እስኪላቀቁ ድረስ ውሃ ያስገባል።

ይህ አፈር ከየት መጣ ለሚለው፣ የወሎ ተራሮች ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ እሳተ ገሞራ ባዛልት የተሠሩ ናቸው። ባዛልቱ ሲበሰብስ፣ ውሃ በሚተኛበት ዝቅተኛ ቦታ አብዛኛውን ጊዜ የሚያብጠው ጥቁር አፈር ይሆናል። ውሃ በሚወርድበት ተዳፋት ላይ ግን ካኦሊናይት የሚበዛበት ቀይ አፈር ይሆናል። ካኦሊናይትም ድርብርብ ነው፤ ንጣፉ 0.7 ናኖሜትር ያህል ነው፤ ነገር ግን ንጣፎቹ እርስ በርስ አጥብቀው ስለሚያያዙ ውሃ አያስገቡም፤ አያብጥም። ከቦምቦውሃ የሚወጣው ካኦሊን የአዋሳውን የታቦር ሴራሚክስ ፋብሪካ ሲመግብ የነበረው በዚህ ጨዋነቱ ነው። ሀብሩን በምሥራቅ በሚያዋስነው በአፋር ክልል ደግሞ ቤንቶናይት የሚባለው፣ በስሜክታይት የበለጸገው ሸክላ፣ እንዳለ የጂኦሎጂ ጥናት መዝግቧል። የኢትዮጵያ ጥቁር አፈር መሬት 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል እንደሚሆን ይገመታል። ቁስ የለንም የሚል ተማሪ ካለ ይህን ቁጥር ይያዝ።

ድርብርብ ቁስ ሸክላ ብቻ አይደለም። የእርሳሳችን ግራፋይት የካርቦን ንጣፎች ክምር ነው፤ በጻፍን ቁጥር ንጣፍ እየላጥን በወረቀት ላይ እንተዋለን። እ.ኤ.አ. በ2004 በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ አንድሬ ጋይምና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ በተራ ማጣበቂያ ፕላስተር ግራፋይቱን ደጋግመው እየላጡ አንዲት ነጠላ ንጣፍ፣ ማለት ግራፊን፣ ለይተው ጠባይዋን አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ2010 የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉበት። ፕላስተር ግን ለጥናት እንጂ ለሥራ አይበቃም። በብዛት ለመሥራት ሦስት ነገር ያስፈልጋል፤ ንጣፎቹን በፈሳሽ ውስጥ ማላቀቅ፣ በፈለጉት መልክ መልሶ ማዋቀር፣ ከዚያም ቅርጹ ሳይፈርስ ማድረቅ። ሦስቱንም በየተራ እንመለከታለን፤ ሦስተኛው ከሁሉ የከፋ ነው።

ማላቀቁን ማንም በመኝታ ክፍሉ ሊሞክረው ይችላል። በሁለት ብርጭቆ ውስጥ ጥቂት ዋልካ በብዙ ውሃ በጥብጡ። በአንደኛው አንድ ማንኪያ ጨው ጨምሩ። ጨው ያለበት በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጭቃው ተያይዞ ይዘቅጥና ውሃው ይጠራል፤ ሌላው ግን በማግሥቱም ደፍርሶ ይገኛል። ምክንያቱም የጨው አዮኖች ሲበዙ በንጣፎቹ መካከል ያለው መገፋፋት ይሸፈናል፤ ንጣፎቹ ተጠጋግተው ይያያዛሉ፤ ሲያያዙም ይከብዳሉ። ጨው የሌለበት ብርጭቆ ውስጥ የቀሩት ደቃቆች እየተገፋፉ ይንሳፈፋሉ። (ብርጭቆውን በጠረጴዛ ላይ ስትተዉ ምልክት አድርጉበት። አንድ የክፍላችን ልጅ በሌሊት ተነሥቶ ሊጠጣው ጥቂት ቀርቶት ነበር።)

አሁን ወደ ጭቃ ቤት እንምጣ። በመርሳ ቤት ሲመረግ ያላየ የለም። አፈሩ ይቆፈራል፤ ውሃ ይጠጣል፤ የጤፍ ጭድ ይነሰነስበታል፤ በእግር ይረገጣል፤ ከዚያም ለቀናት ተትቶ ይቦካል። ሽታው ጎረቤት ያውካል። ለምን ይቦካል? ብለን አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ጠይቀን ነበር፤ ያልቦካ ጭቃ ግድግዳ ላይ አይጨክንም ብለው መለሱልን። ጭዱ ራሱ እንደ ክር ሆኖ ስንጥቁን እንደሚይዝ ግልጽ ነው። ነገር ግን ሁለተኛ ሥራ አለው፤ እሱም የሚሠራው በናኖሜትር ልክ ነው። ጭዱ ሲበሰብስ ታኒንና ሌሎች የእፅዋት አሲዶች በውሃው ውስጥ ይለቃል። እነዚህ በሸክላው ንጣፍ ጠርዝ ላይ ይለጠፋሉ፤ ንጣፎቹም ተዘበራርቀው መጣበቃቸውን ትተው ይላቀቃሉ። ጭቃው ባነሰ ውሃ ይለሰልሳል፤ ሲደርቅም ንጣፍ በንጣፍ ላይ ተኝቶ ይጠነክራል።

ይህን ነገር በወረቀት ያሰፈረው አሜሪካዊው ኤድዋርድ አቸሰን ነው፤ ካርቦረንደም የሚባለውን የመሳያ ማዕድን የሠራው ሰው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ፣ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 5 እስራኤላውያን ጡብ ለመሥራት ጭድ መፈለጋቸውን አስታውሶ፣ ጭዱ ከክርነት ሌላ ምን ይጠቅማል ብሎ ጠየቀ። የጭድ ጭማቂ ብቻውን ሸክላውን እንደሚያለሰልስና እንደሚያጠነክር አገኘ። የሠራውንም «ግብፃዊ የሆነ ሸክላ» ሲል ሰየመው። ከዚህ በኋላ ያደረገው ነው እኛን ያስደነቀን። ጭዱ ሸክላን የሚያላቅቅ ከሆነ ግራፋይትንስ? ብሎ ታኒኑን በደቀቀ ግራፋይት ላይ ሞከረ። ግራፋይቱ በውሃ ውስጥ ሳይዘቅጥ ተንሳፎ ቀረ። «አኳዳግ» የሚባለው ቅባት ከዚህ ተወለደ፤ ለብዙ ዓመታትም በቴሌቪዥን መስተዋት ቱቦዎች ውስጥ ይቀባ ነበር። ዛሬ ግራፊንን በፈሳሽ ውስጥ ለማላቀቅ በየላቦራቶሪው የሚደረገው ሥራ የዚሁ ዘመድ ነው። ስለዚህ የመርሳ ለሳኝ ከአቸሰን በፊት ነገሩን ያውቅ ነበር ብንል አላጋነንንም። ልዩነቱ አቸሰን «ለምን?» ብሎ ጽፎ ማስቀመጡ ነው።

መልሶ ማዋቀሩን ደግሞ ከሸክላ ሠሪዎች እንማር። እዚህ ላይ አንድ መራራ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንችልም። በአገራችን ብዙ ስፍራ ሸክላ ሠሪን ቡዳ ብሎ መሸሽ፣ በጋብቻ አለመቀበል፣ መሬት መንፈግ የቆየ ነው። በጀበናዋ ቡና እየጠጣን፣ በምጣዷ እንጀራ እየበላን እጇን እንጠየፋለን። ከተማሪዎችም መካከል ይህን ወሬ የሚደግም አልጠፋም። እንግዲህ የተጠየፍነው እጅ ምን እንደሚሠራ እንመልከት። ጀበናው ጥቂት ደረቅ ሲል፣ ለምለም ድንጋይ ይዛ ፊቱን ደጋግማ ታሻዋለች፤ እስኪያበራ ድረስ። በዚህ እሽታ ላይ ላዩን ተዘበራርቀው የነበሩት ንጣፎች ሁሉ ከፊቱ ጋር ትይዩ ሆነው ይተኛሉ። ብርሃኑን የሚመልሰው ይህ አተኛኘት ነው፤ ውሃም ቶሎ እንዳያልፍ የሚያደርገው እሱ ነው። የባሕር ዛጎል ውስጡ እንደ ዕንቁ የሚያበራውም በዚሁ ዘዴ ነው። ከመቶ ዘጠና አምስት እጅ ያህሉ ተራ የኖራ ማዕድን ሲሆን፣ ስስ ንጣፎቹ እንደ ግንብ ተደርድረው በጥቂት ፕሮቲን ስለተያያዙ ከጠመኔ ብዙ እጥፍ የማይሰበር ሆኗል።

ፋብሪካም ይህን ተምሯል። የጃፓኑ የቶዮታ ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሞንትሞሪሎናይትን በናይለን ውስጥ ንጣፍ በንጣፍ አላቅቆ በተነ። ከመቶ አምስት እጅ የማይሞላ ሸክላ፣ ናይለኑ በጭነት ሥር መጉበጥ የሚጀምርበትን ሙቀት ከ65 ዲግሪ ወደ 140 ዲግሪ በላይ አወጣው። ለመኪና ሞተር ክፍል መሸፈኛም ዋለ። የተጨመረው እንግዲህ አፈር ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ ማድረቅ ነው። ውሃ ከጠባብ ቀዳዳ ሲወጣ የቀዳዳውን ግድግዳ ወደ ራሱ ይጎትታል። ቀዳዳው 10 ናኖሜትር ስፋት ያለው ከሆነ፣ በውሃ የገጽ ውጥረት ስናሰላው ጉተታው ወደ 280 አትሞስፌር ይደርሳል። ይህን የሚቋቋም ለስላሳ ጭቃ የለም፤ ስለዚህ ይኮማተራል፤ ላዩ ከውስጡ ቀድሞ ከደረቀም ይሰነጠቃል። ሸክላ ሠሪዋ ምጣዱን ፀሐይ ላይ የማታሰጣው፣ በጥላ ሥር ሸፍና ቀስ በቀስ የምታደርቀው ለዚህ ነው። የተሰበረ ሸክላ ገል ፈጭታ በጭቃው ውስጥ የምትጨምረውም እንዲሁ፤ ገሉ አንድ ጊዜ በእሳት ስላለፈ አይኮማተርም፤ የእንፋሎት መውጫም ይከፍታል።

ቀላል ነገር መሥራት የፈለገ ግን ተቃራኒውን ይሻል፤ ውሃው የነበረበት ቦታ ባዶ ሆኖ እንዲቀር ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 አሜሪካዊው ሳሙኤል ኪስለር ፈሳሹን በከፍተኛ ግፊትና ሙቀት፣ ፈሳሽና ጋዝ የማይለዩበት ደረጃ ላይ አድርሶ በማስወጣት ጉተታውን አመለጠ፤ ኤሮጀል የሚባለውንም ቁስ ሠራ። ሌላው መንገድ ውርጭ ነው። በአቡነ ዮሴፍ ከፍታ በሌሊት መሬቱ ሲረጋ፣ ጧት ላይ የበረዶ መርፌዎች አፈሩን ተሸክመው ቆመው ይታያሉ። በረዶ ሲሠራ አፈሩን ወደ ውስጡ አያስገባም፤ ይገፋዋል። በላቦራቶሪም የሸክላና የውሃ ድፍርስ ከአንድ ወገን ሲቀዘቅዝ የበረዶው ቅጠሎች እያደጉ የሸክላውን ንጣፎች በመካከላቸው ይጨምቋቸዋል፤ ንጣፎቹም ተደርድረው ግድግዳ ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ አየሩ ተመጥጦ በረዶው ሳይቀልጥ በቀጥታ ተን ሆኖ ይወጣል። የሚቀረው ባለ ብዙ ክፍል ቤት ነው። በክሊቭላንድ የሚገኘው የኬስ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሞንትሞሪሎናይትን ከወተት ከሚገኘው ከኬሲን ጋር አዋሕደው በዚህ መንገድ ስፖንጅ የመሰለ ቁስ ሠርተዋል። አይብና ጭቃ ማለት ነው! እንዲህ ያለው ቁስ በሊትር 100 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ተራ ጡብ ግን በሊትር 1.8 ኪሎ ገደማ ነው። ከግራፊን የሚሠራው ደግሞ ከዚህም አልፎ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 በቻይናው የጄጂያንግ ዩኒቨርሲቲ በሊትር 0.16 ግራም ብቻ የሚመዝን ተሠርቷል። አየር ራሱ በሊትር 1.2 ግራም ያህል ነው።

በዚህ ነገር ተማርከን ብዙ ሌሊት አወራን። ሆኖም በሐቅ እንመን፤ የበረዶው መንገድ ለሀብሩ አይሆንም። አየር መጣጩ መሣሪያ ለረጅም ሰዓት መብራት ይበላል፤ ቁሱም ውሃ ሲነካው ይላሽቃል። ከዚህ ይልቅ ባዶውን ቦታ በእሳት መሥራት ይቀላል። በጭቃው ውስጥ እብቅ ወይም የእንጨት ሰጋቱራ ጨምሮ መተኮስ፤ እብቁ ተቃጥሎ ሲወጣ ቦታው ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል፤ የእንጀራ ዓይን እንበለው። ከፋብሪካ የሚወጣ የምድጃ መከላከያ ጡብ በዚህ መንገድ ተሠርቶ በሊትር ከ0.5 እስከ 0.8 ኪሎ ይመዝናል፤ በውሃ ላይም ይንሳፈፋል።

ጥቅሙ ምንድር ነው? ቢባል ማገዶ ነው። ጸጥ ያለ አየር ሙቀትን ከጡብ ከሃያ እጥፍ በላይ ባነሰ ያስተላልፋል፤ ስለዚህ ቀዳዳ የሞላበት ሸክላ በምድጃ ዙሪያ ሲሆን ሙቀቱን ለምጣዱ ይቆጥባል። በ1980ዎቹ ዓ.ም. በአገራችን የወጣው ምርጥ ምድጃ ከሲሚንቶና እንደ ፑሚስ ካለ ቀላል ድንጋይ ወይም አሸዋ እየተሠራ፣ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን እስከ ግማሽ ድረስ እንደሚቆጥብ ታይቷል። ሲሚንቶ ግን በየጊዜው ዋጋው ይወጣል፤ ጭቃና እብቅ በየደጁ አለ። እናቶቻችንና እኅቶቻችን ከተራራ እየተሸከሙ የሚያወርዱትን እንጨት ያየ ሰው፣ ግማሽ ሸክም ምን ያህል እንደሆነ ሊነገረው አይገባም። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለን፤ እብቁ ለምድጃው እንጂ ለምጣዱ አይደለም። ምጣድ ሙቀት ማስተላለፍ አለበት፤ ቀዳዳ ያበዛ ምጣድ እንጀራ ያምሳል።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የወልድያ ዩኒቨርሲቲ መሣሪያዎች ምን እንደደረሰባቸው ሁሉም ያውቃል። መሣሪያ ሲገኝ እንጀምራለን የሚሉ አሉ፤ እኛ በበኩላችን ሚዛን፣ ባልዲና እሳት ካለ ይበቃል ብለን ጀመርን። ሦስት ዓይነት ጡብ ሠራን፤ አንዱን ያለ እብቅ፣ አንዱን ሲሶ፣ አንዱን ግማሽ እብቅ። በመርሳ አቅራቢያ የምትኖር አንዲት ሸክላ ሠሪ በእሳቷ ተኮሱ አለችን። ጭቃችንን በጣቷ ነክታ ገና ሳይተኮስ ይህኛው ይሰነጠቃል ብላ ያለ እብቅ የሆነውን አሳየችን፤ ተሰነጠቀም፤ ዋልካውን ብቻችንን ከቀይ አፈር ሳንቀላቅል አምጥተን ኖሮ። ግማሽ እብቅ ያለው በባልዲ ውሃ ላይ ተንሳፈፈ። እልልታው ሳያልቅ ግን ውሃውን ጠጥቶ ሰጠመ፤ ጠርዙም በእጅ ይፈረፈራል። ሲሶው አልተንሳፈፈም፤ ነገር ግን ጠንካራ ነው፤ አንዱ ወገን እሳት ላይ ሆኖ ሌላው ወገን በእጅ ተይዟል።

ለሁለተኛው ተኩስ አፈር እንፈልጋለን። ለዕረፍት ወደ ግራና፣ ወደ ሲሪንቃ፣ ወደ ውርጌሳና ወደ ወልድያ ዙሪያ የምትሄዱ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከላይ ያለውን አንድ ክንድ ጠርጋችሁ ከሥሩ አንድ ኪሎ አምጡልን። ቀይም ጥቁርም ይሁን፤ የቀበሌውን ስም፣ ከተዳፋት ይሁን ከሜዳ፣ ሸክላ ሠሪዎች ይጠቀሙበት እንደሆነም በቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፉ። ባለፈው ጊዜ አንድ ወንድማችን በጨው ከረጢት አምጥቶልን አፈሩ አልላቀቅ ብሎን ሳምንት አባክነናልና፣ ከረጢቱን አስቀድማችሁ እጠቡልን።